ተማሪ በእጁ የሚፈትነው የመጽሐፍ ጉድ ካላችሁ (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ንባብ ክፍል

ሰላም ለሁላችሁም። ሳቢያን ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የንባብ ሳምንት እያዘጋጀን ነው። የሚመጡት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ በአንድ ዙር 40 ልጅ፣ ጊዜው 45 ደቂቃ።

"ስለ መጻሕፍት አስገራሚ ነገሮች" እየተባለ የሚለጠፈው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የዓለም ትልቁ መጽሐፍ፣ የዓለም ትንሹ መጽሐፍ፣ ይህን ያህል ዓመት ዘግይቶ የተመለሰ ውሰት። ልጆቹ ያነቡትና ያልፋሉ፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚያጣሩበት መንገድም የላቸውም። እኔ የምፈልገው ልጁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመደርደሪያችን ባወጣው መጽሐፍ ራሱ ፈትኖ "ለካ እንዲህ ነው!" የሚልበትን ነገር ነው።

ያለን የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የሶማልኛና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት፣ በስጦታ የመጣ አንድ ካርቶን የዐረብኛ መጻሕፍት፣ ማስመሪያ፣ ክር፣ መርፌ፣ ካርቶንና አንድ ኮምፒውተር ነው። በጀት የለም ማለት ይቻላል።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገር ልጠይቅ። ከዐረብኛዎቹ ሦስቱ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ አለ፣ ገጽ በገጽ እያለፈ ይሄዳል። "ነቀዝ የበላው መጽሐፍ" ብዬ ለልጆቹ ባሳይ ችግር አለው? ደግሞም ቅዳሜ ሐረር፣ ሸሪፍ ሙዚየም ልንወስዳቸው ነው። የእጅ ጽሑፎቹ ፊት ሲቆሙ ምን ፈልጉ ልበላቸው?

---

ፈረስ መጋላ

አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ካላችሁማ ትልቁ ጨዋታ እጃችሁ ላይ ነው። የነቀዙን እንቆቅልሽ አቅርቡላቸው። ጥያቄው በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ መልሱ ግን እንደ መጽሐፉ ቋንቋ ይገለበጣል። ይህን መገልበጥ በዓይን ለማሳየት ደግሞ ከግራ የሚነበበውም ከቀኝ የሚነበበውም መጽሐፍ ያለው የድሬና የሐረር መደርደሪያ ይመቻል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ ቅጽ 1 በግራ፣ ቅጽ 2 በቀኝ፣ የሁለቱም ጀርባ (የተጠረዘው ጎን) ወደ እኛ ዞሯል። የእያንዳንዱ ቅጽ ወረቀት ውፍረት 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእያንዳንዱ ሽፋን 3 ሚሊ ሜትር። ነቀዝ ከቅጽ 1 የመጀመሪያ ገጽ ተነስቶ እስከ ቅጽ 2 የመጨረሻ ገጽ በቀጥታ ቢበሳ ስንት ሚሊ ሜትር ተጓዘ?

ልጆቹ 30 ሲደመር 3 ሲደመር 3 ሲደመር 30 ብለው 66 ይላሉ። ለአማርኛ መጽሐፍ ትክክለኛው መልስ 6 ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ጀርባው ወደ እኛ ሆኖ ሲቆም የፊት ሽፋኑ በቀኝ በኩል ይውላል። ስለዚህ የቅጽ 1 የመጀመሪያ ገጽ ያለው ከቅጽ 2 ጋር በሚዋሰንበት ጎን ነው፤ የቅጽ 2 የመጨረሻ ገጽም ከቅጽ 1 ጋር በሚዋሰንበት ጎን። ነቀዙ የሚበሳው በመካከል ያሉትን ሁለት ሽፋኖች ብቻ ነው።

አሁን እነዚያን መጻሕፍት አንስታችሁ በቦታቸው ሁለት የዐረብኛ መጻሕፍት አቁሙ፤ ቅጽ 1 ያው በግራ፣ ቅጽ 2 ያው በቀኝ። የዐረብኛ መጽሐፍ ጀርባው ወደ እኛ ሲሆን የፊት ሽፋኑ የሚውለው በግራ ነው። ነቀዙ የቅጽ 1ን ወረቀት በሙሉ፣ ሁለት ሽፋንና የቅጽ 2ን ወረቀት በሙሉ ይበሳል፤ 66 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የዐረብኛዎቹን ቅደም ተከተል አዙሩት፣ ቅጽ 1 በቀኝ ይሁን። መልሱ ተመልሶ 6 ይሆናል። ባለ ብዙ ቅጽ የዐረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሲደረደር የእያንዳንዱ ቅጽ መጀመሪያ ከሚቀጥለው ቅጽ መጨረሻ ጋር የሚዋሰነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንደ አማርኛው ከግራ ከደረደራችሁት ግን ገጾቹ ሳይቋረጡ እየተከታተሉ ይሄዳሉ።

አሠራሩ ላይ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። መጻሕፍቱ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑራቸው፤ ስስ ከሆኑ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ባለ ሁለት ቅጽ ባይኖራችሁ ማናቸውንም ሁለት መጻሕፍት ውሰዱና ጀርባቸው ላይ "1" እና "2" የሚል ወረቀት በላስቲክ እሰሩ፤ ስኮች አትለጥፉ፣ ሲላጥ የሽፋኑን ቀለም ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ገጽ ረዘም ያለ ቁራጭ ወረቀት አስገቡ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፤ ከላይ ሲታይ መነሻና መድረሻው ቁልጭ ይላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጆቹ መጽሐፉን ከመንካታቸው በፊት መልሳቸውን ይጻፉ። አንዱ ቀድሞ "6!" ብሎ ከጮኸ የሌላው ማሰብ እዚያ ላይ ያበቃል።

---

ኮላና መርፌ

ቀዳዳ ያላቸውን ሦስት መጻሕፍት ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለዩአቸው። እያንዳንዱን በፌስታል አስገቡና አፉን እሰሩ። ማሳየቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ክብ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ የጥንዚዛ ሥራ ነው። እናቲቱ ጀርባውና ወረቀቱ በሚገጥምበት ስንጥቅ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ነጭ እጭ ወረቀቱንና የዱቄት ማጣበቂያውን እየበላ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይቀዳል፤ ጊዜው ሲደርስ ጥንዚዛ ሆኖ ወደ ውጭ በስቶ ይወጣል። ሽፋኑ ላይ የምታዩት ክብ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ መውጫው ነው፤ ጉዳቱን ያደረሰው ልጅነቱ ላይ ነው። በነገራችን ላይ እውነተኛው ነቀዝ እንደ እንቆቅልሹ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠማዘዛል። ልጆቹ ቀዳዳው ከስንተኛው ገጽ ጀምሮ ወዴት እንደሚዞር ገጽ በገጽ እየገለጡ ቢከተሉት ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው።

ጉዳቱ ክብ ባይሆን ኖሮ ሌላ ተጠርጣሪ እንፈልግ ነበር። የወረቀቱ ላይ ላዩ ብቻ ተግጦ ከሳሳ፣ ክንፍ የሌላት፣ ብርማ ቀለም ያላት፣ ሲነኳት እንደ ዓሣ የምትሾልክ ነፍሳት ናት። ግድግዳው ላይ የአፈር ቧንቧ ካያችሁ ምስጥ ነው፤ እሱ ከመጣ ጉዳዩ ከመጽሐፍ አልፎ የቤቱ ጉዳይ ይሆናል። ለምስጡም ለአየሩም ሲባል መደርደሪያው ከግድግዳ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው እርከን ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።

ነፍሳቱ በሕይወት አለ ወይስ ድሮ ሄዷል? መጽሐፉን ጥቁር ወረቀት ላይ አቁሙና ቀስ ብላችሁ ጀርባውን መታ መታ አድርጉ። የወረደውን ዱቄት ጥረጉ፣ መጽሐፉን እዚያው አዲስ ጥቁር ወረቀት ላይ ሁለት ሳምንት ተዉት። አዲስ ዱቄት ከወረደ ውስጡ ሰው አለበት ማለት ነው።

በሕይወት ካለ ማቀዝቀዝ ነው መድኃኒቱ። መጽሐፉን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልሉ፤ በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ አየሩን አስወጡና አፉን በስኮች ዝጉ፤ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 14 ቀን ይቆይ። ተራው የፍሪጅ ክፍል አይበቃም፣ እጩ እዚያ ይደነዝዛል እንጂ አይሞትም። ሲወጣ ፌስታሉን ሳትፈቱ 24 ሰዓት በክፍሉ ሙቀት አቆዩት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያጠፋው፤ በድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ መጽሐፍ ቶሎ ከተፈታ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል፣ እርጥበቱ ደግሞ ሻጋታ ይጠራል። ፌስታሉ ሳይፈታ ከቆየ ላቡ የሚወርደው ላስቲኩ ላይ ነው። በመካከሉ መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ከቀለጠ ቀኑን እንደገና ከአንድ ቁጠሩ።

ይህ ለተራ የኅትመት መጽሐፍ ነው። ብራና፣ የቆዳ ድጉስ፣ የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ፤ ለባለሙያ አሳዩ። ናፍታሊን አትጠቀሙ፤ ጢሱ ለልጆች ጤና ጥሩ አይደለም፣ መጽሐፉ ውስጥ የተቀበረውን እጭም አይደርስበትም። ፀሐይ ላይ ማስጣትም አይሆንም። የድሬ ፀሐይ ወረቀቱን ያቢጫል፣ በኮላ ብቻ የተጣበቀውን ጀርባ ያላላል፣ ሙቀቱ ግን የመጽሐፉ መሐል ያለውን አይገድልም።

ስለ ነፍሳት ካነሣን፣ ፖርቱጋል ኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የጆአኒና ቤተ መጻሕፍት ነፍሳት የሚቀንሱለት የሌሊት ወፎች ናቸው። 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ ቤት ነው፤ የሌሊት ወፎቹ መደርደሪያው ጀርባ ይኖራሉ፣ ሌሊት እየወጡ ነፍሳት ያድናሉ። ሠራተኞቹ ማታ ማታ ጠረጴዛዎቹን በቆዳ ይሸፍናሉ፣ ጠዋት ኩሱን ያጸዳሉ። ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ግን እኛም እናስገባ እንዳይሉ ስለ ቆዳውና ስለ ጠዋቱ ጽዳት አብራችሁ ንገሯቸው።

---

መደርደሪያ 963

እኔ ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ ያለውን ቁጥር ላምጣ። አይኤስቢኤን የሚባለው 13 አሃዝ መለያ ላይ የመጨረሻው አሃዝ ዝም ብሎ የተሰጠ ቁጥር አይደለም፤ የቀሩት 12 በትክክል መጻፋቸውን የሚመሰክር ነው። የኢትዮጵያ መለያ 99944 ነው፤ ከ978 ቀጥሎ ይመጣል።

አሠራሩ፦ 1ኛውን አሃዝ በ1፣ 2ኛውን በ3፣ 3ኛውን በ1፣ 4ኛውን በ3 እያላችሁ እስከ 12ኛው አባዙና ደምሩ። የመጨረሻው አሃዝ ሲታከልበት ድምሩ በዜሮ ማለቅ አለበት። ለልምምድ ያህል ይህን ቁጥር ውሰዱ፦ 978-99944-0-123-9። በ1 የሚባዙት 9፣ 8፣ 9፣ 4፣ 0፣ 2 ናቸው፤ 32። በ3 የሚባዙት 7፣ 9፣ 9፣ 4፣ 1፣ 3 ናቸው፤ 33 ጊዜ 3፣ 99። ድምር 131። 9 ሲታከል 140። ቁጥሩ ትክክል ነው።

አሁን ልጆቹ ስሕተት ይፍጠሩ። 123ን 213 ብለው ይጻፉ። ድምሩ 133 ይሆናል፤ 9 ሲታከል 142። በዜሮ አላለቀም፣ ስሕተቱ ተያዘ። ጎረቤት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ድምሩ የሚለወጠው በልዩነታቸው እጥፍ ነው። ስለዚህ ልዩነታቸው 5 ከሆነ ድምሩ በ10 ይለወጣል፣ መጨረሻውም ያው ዜሮ ይሆናል፤ ምስክሩ አሃዝ አላየም ማለት ነው።

እና 9 እና 4 ልዩነታቸው ስንት ነው? 5! በአገራችን መለያ ውስጥ ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። 99944 ብሎ መጻፍ የፈለገ ሰው 99494 ቢል ኮምፒውተሩ "ትክክል ነው" ብሎ ይቀበለዋል። በልምምዱ ቁጥር ሞክሩት፦ ድምሩ 121 ይሆናል፣ 9 ሲታከል 130። ይህ ለልጆቹ እንቆቅልሽ ነው፤ ለእናንተ ግን የሥራ ጉዳይ ነው። ካታሎግ ስትሞሉ 99944ን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ እዚያች ቦታ ላይ ማሽኑ አይረዳችሁም።

እ.ኤ.አ. ከ2007 በፊት የታተሙት ላይ 10 አሃዝ ነው የምታገኙት፤ ስሌቱ ሌላ ነው፣ የመጨረሻውም አንዳንዴ ኤክስ ሊሆን ይችላል። እነዚያን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ልጆቹ በ1 እና በ3 አባዝተው አልሆን ሲላቸው ግራ ይጋባሉ። ብዙ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ ጭራሹኑ ቁጥር የላቸውም።

ኮምፒውተሩን ካነሣችሁ አንድ አጭር ነገር ልጨምር። የደራሲ ስሞችን ጽፋችሁ በፊደል ተራ አስደርድሩት፤ "ሰለሞን" እና "ሠለሞን" አንድ ቦታ አይመጡም፣ በመካከላቸው በ"ረ" የሚጀምሩት ሁሉ ይገባሉ። "ሀ" እና "ኀ" ደግሞ ከዚያም ይራራቃሉ። ቤተ መጻሕፍቱ አንዱን አጻጻፍ መርጦ ካልጸና ልጁ መጽሐፉ እያለ "የለም" ተብሎ ይመለሳል። ልጆቹ አንድን ስም በስንት ዓይነት ፊደል መጻፍ እንደሚቻል ቆጥረው ሁሉንም ፈልጉ ብትሏቸው ይህን ራሳቸው ይደርሱበታል።

---

ደቻቱ ማዶ

አቦ የግመሏን ቤተ መጻሕፍት ረሳችኋት! በሶማሌ ክልል ሴቭ ዘ ችልድረን በግመል መጻሕፍት እያስጫነ ወደ አርብቶ አደር ልጆች ሲልክ ቆይቷል። ኬንያ ጋሪሳ ላይም እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀምሯል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ነበር።

ልጆቹ ጭነቱን ያለ ሚዛን ያስሉ። ተራው የኮፒ ወረቀት 80 ግራም በካሬ ሜትር ነው፤ ኤፎር የአንድ ካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ አንዱ ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል። የግማሽ ኤፎር ስፋት ያለው ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ 100 ቅጠል ነው፣ ማለትም 50 ኤፎር፣ 250 ግራም። 200 እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ሽፋኑን ሳይጨምር 50 ኪሎ ነው፤ በግራና በቀኝ 25፣ 25። አንዱ ጎን ከከበደ ኮርቻው ይዞራል፣ ስለዚህ ክፍፍሉን ራሳቸው ያውጡ። ከዚያ የሱቅ ሚዛን ለምናችሁ አንዱን መጽሐፍ መዝኑና ስሌቱ ስንት ግራም እንደሳተ ይዩ። ከሳተ ወይ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ወይ ሽፋኑን ረስተዋል።

---

የሳቢያን ንባብ ክፍል

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሦስቱን መጻሕፍት ለይቼ አስሬአቸዋለሁ። የ99944ቷ ነገር በጣም ገረመችኝ፤ ለ8ኛ ክፍል እሷን አደርጋለሁ፣ ለ7ኛ የነቀዙን። የሐረሩን የሚያውቅ ሰው አለ? ልጆቹ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት እያዩ ማለፍ ብቻ እንዳይሆንባቸው ነው የምሰጋው።

---

ግድር መጋላ

መስታወቱ አያሳስባችሁ፤ የሚሻለው ነገር በመስታወት ውስጥም ይታያል።

መጀመሪያ ይህን አስይዟቸው። የሐረር የእጅ ጽሑፎች በአመዛኙ የገጽ ቁጥር አልነበራቸውም። ታዲያ ጠራዡ ቅጠሎቹን ቢበትን በምን ያስተካክላል? ጸሐፊው በቀኝ ያለው ገጽ ግርጌ፣ ግራ ጥጉ ላይ አንዲት ቃል ብቻዋን፣ ብዙ ጊዜ አጋደል አድርጎ ይጽፋል። ያቺ ቃል በግራ ያለው ገጽ የሚጀምርባት ቃል ናት። መጽሐፉ ተከፍቶ ሲታይ ሁለቱም ገጽ ፊት ለፊት ስላለ፣ ልጁ ምንም ሳይነካ ግርጌዋን ቃል ከግራው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ጋር ያመሳክራል። መድረሳ የቀሩት ያነቧታል፤ ፊደሉን የማያውቁትም ቅርጹን አመሳክረው መፍረድ ይችላሉ። እስቲ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አንድ አንባቢ ከአንድ አንባቢ ካልሆነ ጋር አጣምሯቸው፤ የማያነበው ልጅ ዓይኑ ቅርጽ ላይ ስለሚያተኩር ብዙ ጊዜ እሱ ነው ቀድሞ የሚያገኛት።

ከዚያ መስመሮቹን ይቁጠሩ። አንዱ ገጽ 15 ከሆነ ፊት ለፊቱም 15 ሊሆን ይገባል፤ እዚያው መጽሐፍ ሌላ ቦታ ተከፍቶ ቢታይም እንዲሁ። ቀለም ያለው መስመር ግን የትም አይታይም። በእስልምናው ዓለም ጸሐፊዎች ይጠቀሙበት የነበረው ክር የተወጠረበት ሰሌዳ ነው፤ ወረቀቱን ክሩ ላይ አድርገው በጣት ሲያሹት መስመሩ በወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል።

ይህን ዓርብ ዕለት ክፍል ውስጥ ራሳቸው ይሥሩት፣ ቅዳሜ የሚያዩት ያኔ ይገባቸዋል። ጠንካራ ካርቶን በኤፎር ልክ ቁረጡ። በግራና በቀኝ ቁልቁል መስመር አስምሩ፣ በመካከላቸው 14 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በሁለቱም ላይ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ 15፣ 15 ቀዳዳ በመርፌ ብሱ። ክሩን ከጀርባ አስገብታችሁ ወደ ፊት አውጡ፣ አግድም ወጥሩት፣ በማዶው ቀዳዳ ወደ ጀርባ አስገቡት፣ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ውረዱ። ጫፎቹን ጀርባ ላይ ቋጥሩ። ወረቀት ላዩ ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ከመሐል ወደ ዳር እሹ፤ ወረቀቱን አንስታችሁ በመስኮት ብርሃን አጋድማችሁ ስታዩት 15 መስመር ታገኛላችሁ።

የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። የልብስ ስፌት ክር ስስ ስለሆነ ምልክት አይተውም፤ የጥልፍ ክር ይሁን። ክሩ ከላላ መስመሩ ይጎብጣል፤ ካርቶኑ ስስ ከሆነ ደግሞ ክሩ ሲወጠር ራሱ ካርቶኑ ይጎብጣል፣ ስለዚህ ሁለት ደርባችሁ አጣብቁ። ጣት ከቆሸሸ ወረቀቱ ላይ ያለው ጉድጓድ ሳይሆን እድፍ ነው የሚታየው፤ መጀመሪያ እጅ ይታጠቡ።

ድጉሱን ሲያዩ ደግሞ ምላሱን ይፈልጉ። የኋላው ሽፋን ላይ የተቀጠለ፣ እንደ ፖስታ አፍ ሾጠጥ ያለ የቆዳ ክፍል አለ። የቅጠሎቹን ጠርዝ ከአቧራ ይሸፍናል፤ ጫፉ የሚገባው ከፊት ሽፋኑ ሥር ነው። ብዙ ሰው ከላይ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ልጆቹ አስቀድመው ይገምቱ። በሽፋኑ መሐል ያለው ጌጥ በቀለም የተሣለ አይደለም፤ ቆዳው ላይ በማኅተም ተጭኖ የወጣ ነው። ሙዚየሙ ይህን የአጠራረዝ ሙያ እንደገና እንዲያንሠራራ ያደረገ ቤት ስለሆነ አስጎብኚውን ስለ መሣሪያዎቹ ጠይቁት፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ብትነግሩ ደግሞ ይሻላል።

ወረቀቱ ሌላ ታሪክ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ለኦቶማን ገበያ ተብሎ በጣሊያን፣ በተለይ በቬኒስ አካባቢ ይሠራ የነበረ ወረቀት በሐረር የእጅ ጽሑፎች ውስጥ አለ፤ ምልክቱም ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚሄዱ ሦስት ጨረቃዎች ናቸው። የሚታየው ብርሃን ከጀርባው ሲያልፍ ብቻ ነው። ዓርብ ዕለት ልጆቹ ብር ኖት መስኮት ላይ አንስተው ያለውን የውሃ ምልክት ይዩ፣ ሐሳቡን ይይዛሉ። ሙዚየም ውስጥ ግን ቅጠል አንስቶ ብርሃን ላይ ማሳየት የሙዚየሙ ሰው ሥራ ነው፤ ፈቃደኛ ከሆነ ያሳያችኋል፣ ካልሆነ አትለምኑ።

አንድ ደግሞ አለ። ፊደሉ ዐረብኛ ሆኖ ቋንቋው ሐረሪ የሆነ ጽሑፍ አለ። ዐረብኛ የሚያነቡት ልጆች ድምፁን እያወጡ ትርጉሙ አልገባ ሲላቸው አትቸኩሉባቸው። የሐረሪ ተናጋሪ ልጅ ከመካከላቸው ካለ እሱ ወይ እሷ ጋ ይሂዱ፤ ቋንቋው የጥንቱ ስለሆነ ሁሉም አይገባቸውም፣ ግን አንዳንድ ቃል ብቅ ይላል።

ስለ ጉዞው፦ ደንገጎን ሲወጡ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጆቹ መኪና ውስጥ ወረቀት እንዲያነቡ አታድርጉ፤ መመሪያውን እዚያው ስትደርሱ ስጧቸው። እርሳስ ብቻ ይያዙ፣ እስክሪብቶ አይግባ። 40 ልጅ አንድ መስታወት ፊት አይቆምም፤ አሥር አሥር አድርጓቸው፣ አንዱ ቡድን የእጅ ጽሑፎቹ ጋ ሲሆን ሌሎቹ ሌላው ክፍል ይቆዩ።

---

የሳቢያን ንባብ ክፍል

ይሄን ሁሉ ስለጻፉልኝ አላህ ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ። ልጆቹ ግርጌዋን ቃል ሲያመሳክሩ ባትገጥም ምን ልበላቸው? ደግሞ በስልክ ፎቶ ማንሳትስ?

---

ግድር መጋላ

ፎቶ ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ ነው። የስልኩን ፍላሽ መግቢያው ላይ እናንተው አጥፉላቸው፤ ልጆች "አጥፍቻለሁ" እያሉ አውቶማቲክ ላይ ይተዉታል።

ቃሏ ካልገጠመች ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። በመካከል ያለ ቅጠል ጠፍቷል፤ ወይም መጽሐፉ እንደገና ሲጠረዝ ቅጠሉ ያለ ቦታው ገብቷል፤ ወይም ጸሐፊው ግርጌ ላይ አንድ ቃል፣ ቀጣዩ ገጽ ራስ ላይ ሌላ ጽፏል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ነገር ይዩ። መስፊያው ጋ የተቀደደ ወረቀት ትራፊ ካለ ቅጠል ጠፍቷል። የሁለቱ ገጾች የነቀዝ ቀዳዳ ወይም የውሃ እድፍ ፊት ለፊት ካልተገጣጠመ ደግሞ ቅጠሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ቀዳዳው ቅጠሎቹ የድሮ ጎረቤታቸው ጋ ሳሉ ነው የተበሳው። ቀዳዳው ከገጠመ፣ ትራፊም ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ የጸሐፊው ነው።

የመስታወቱን ቁጥር፣ ከቀኝ ያለችውን ቃልና ከግራ ያለችውን እንዳለች በእርሳስ ይገልብጡና ወረቀቱን ለአስጎብኚው ይስጡት።